ያላገኙትን ገቢ ያስመዘገቡት የጥርስ ሐኪም

የዶክተር ግርማይን መሞት ያነበብኩት ማይ ተመናይ ፌርማታው አጠገብ፣ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ወረቀት ነው። አስመራ ውስጥ ሰው ሲሞት ስሙ፣ ፎቶውና የቀብሩ ሰዓት በአንዲት ወረቀት ታትሞ በየግድግዳው ይለጠፋል፤ አውቶቡስ የሚጠብቅ ሁሉ ቆሞ ያነባል። እኔም ሥራ ስፈታ ቀና ብል፣ ነጭ ጋዋናቸውን እንደለበሱ እዚያ አገኘኋቸው። አጠገቤ የቆመች ሴት «ዋይ! ዶክተር ግርማይ ዓሪፎም!» ብላ ማልቀስ ጀመረች። እኔ እንባ አልመጣልኝም። የመጣብኝ ንዴት ነው። በሞተ ሰው መናደድ ነውር መሆኑን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ግን እኒህ ሰው በሕይወት እያሉ ጨጓራዬን ልጠውት ስለነበር፣ ሞታቸውም የለመደውን መንገድ ያዘ። አውቶቡሴ መጥቶ ሄደ፤ እኔ ከወረቀቱ ጋር ስከራከር ቀረሁ።

ሥራዬ ሂሳብ ነው። የኤርትራ ነጻነት በመጣ በሁለተኛው ዓመት ለአንድ ጋራዥ፣ ለአንድ ዳቦ ቤትና ለሁለት ባሮች መዝገብ እይዝ ነበር። ከግብር የሚሸሽ ሰው አይቼ ጠግቤአለሁ። ገቢውን በግማሽ የሚጽፍ አለ፤ ሁለት መዝገብ የሚይዝ አለ፤ የሚስቱን የወርቅ ሐብል የሥራ ወጪ አድርጊልኝ ብሎ ድርቅ የሚልም አለ። እነዚህን እንዴት እንደምቆጣቸው አውቃለሁ። ያላገኘውን ገንዘብ አገኘሁ ብሎ የሚያስመዘግብ ሰው ግን በዕድሜዬ ያየሁት አንድ ብቻ ነው፤ ለእሱ የሚሆን ቁጣ የትም አልተማርኩም።

ዶክተር ግርማይ «ራጆኔራ» ነበር የሚሉኝ። በጣልያንኛ የሂሳብ ሠራተኛ ማለት ነው፤ አስመራ ላይ ግን ማዕረግ ነው። አባቴ የወሎ ሰው ስለሆነ ቤታችን የሚነገረው አማርኛ ነው። በዚያን ጊዜ መንገድ ላይ ጮክ ብሎ አማርኛ የተናገረ ሰው ዘወር ተብሎ ይታይ ነበርና እኔም ድምፄን ዝቅ ማድረግ ለምጄ ነበር። ዶክተር ግርማይ ግን ገና የክሊኒኩን በር ስገፋ፣ የታካሚው አፍ እንደተከፈተ፣ «ከመይ ሐዲርኪ ራጆኔራ! ግቢ እንጂ፣ ሻሂ አለ» ይሉኛል፤ ያውም አማርኛ ቀላቅለው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

ክሊኒካቸው ገጀረት በሚባለው ሰፈር፣ በአንድ የጣልያን ጊዜ ቪላ ታችኛው ክፍል ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲራመዱ ኮቴያቸው የማይሰማ ሰው ናቸው። አፍ የሚያዩባትን ትንሿን መስታወት ሁልጊዜ በሙቅ ውሃ ነክረው ነው የሚያስገቡት። «ቀዝቃዛ ብረት ሰው አፍ ውስጥ አይገባም፤ እንግዳ ነው፣ ጨዋ ይሁን» ይላሉ። ጥርስ ነቅለው ሲጨርሱ ደግሞ ለባለቤቱ ያሳዩታል። «ስኒ ሓሶት አይፈልጥን፤ ጥርስ ውሸት አያውቅም። የት ጋ እንዳመመህ ራሱ ይነግርሃል።» ጥርሱ ውሸት አያውቅ ይሆናል። ነቃዩ ግን አሳምሮ ያውቅ ነበር።

የጥርስ ሐኪም ሂሳብ ከዳቦ ቤት ይለያል። ወንበሩና የመቦርቦሪያው ሞተር በየዓመቱ ዋጋቸው እየቀነሰ በወጪ ይያዛል። ማደንዘዣው፣ መሙያው፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሠራበት ሁሉ ወጪ ነው፤ ከገቢ ላይ ይነሣል፣ ግብሩም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ሕጉ የሚጠይቀው ማስረጃ ብቻ ነው። እሳቸው ደግሞ የሌላቸው ማስረጃ ብቻ ነው። ወንበሩን ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ ጣልያን በመጨባበጥ ገዝተውታል። ማደንዘዣውን ከጂዳ የሚመጡ ሰዎች በሻንጣ ያመጡላቸዋል። «የግዢ ደረሰኙ የታለ?» ስላቸው «ሰውዬው እኮ የታመነ ነው» ይሉኛል።

«ወንበሩ ስንት ዓመት ያገለግላል ብዬ ልጻፍ?» ብዬ አንድ ቀን ጠየቅኳቸው።

ወንበሩን ከእግሩ እስከ ራስጌው አዩት፤ ከዚያ የራሳቸውን እጅ አዩ። «እኔን ያህል» አሉ። ይህን የማስገባበት ዓምድ አልነበረኝም።

ዋናው ጉድ ግን ከወጪው በኩል አልመጣም። ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ወር የደረሰኞቹን ቀሪ ደምሬ ከሳጥኑና ከባንኩ ገንዘብ ጋር ሳስተያየው አልገጥም አለኝ። እጅ ላይ ያለው ገንዘብ ደረሰኙ ከሚለው ግማሹን አይሞላም። ደግሜ ደመርኩ። ሻሂዬን ጠጥቼ ሦስተኛ ደመርኩ። ሰው ይሰርቃቸዋል እንዳልል፣ ገንዘቡን ከእሳቸው በቀር የሚነካ የለም። ይቆምሩ ይሆን ብዬ ጠረጠርኩ፤ አላህ ይቅር ይበለኝ።

«ዶክተር፣ ገንዘቡ የት ሄደ?»

«አልገባም» አሉ፣ ቀና ሳይሉ።

«ካልገባ ደረሰኙ ምንድነው ታዲያ?»

«ደረሰኝ ነዋ!»

ነገሩ የተገለጠልኝ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ክሊኒኩ ጥግ ላይ ተቀምጬ ስሠራ ነው። አደይ ለተብርሃን የሚባሉ አሮጊት ከድሆቹ ሰፈር ከዓባ ሻውል መጥተዋል። የሐበሻ ቀሚስ እየጠለፉ የሚተዳደሩ ሴት ናቸው። የላይኛው ድዳቸው ባዶ ስለነበር ዶክተር ግርማይ ሙሉ ሰው ሠራሽ ጥርስ ሠርተውላቸው፣ ያን ቀን አስገጥመው በመስታወት አሳይተዋቸዋል። አሮጊቷ ፊታቸውን አዙረው አዙረው ካዩ በኋላ ከመቀነታቸው ጥቂት ብር መፍታት ጀመሩ።

«ክንደይ እዩ፣ ዶክተር?» ስንት ነው ማለታቸው ነው።

«ተኸፊሉ እዩ፣ አደይ።» ተከፍሏል።

«መን ከፊሉለይ?» ማን ከፈለልኝ?

«ሓደ ዘመድክን፤ አንድ ዘመድዎ። ስሜን እንዳትነግር ብሎኛል።»

አደይ ለተብርሃን ዐይናቸውን አጥብበው አዩዋቸው። የዋዛ ሴት አይደሉም። «ቅብሊት ኣለዎ ዶ?» አሉ፤ ደረሰኝ አለው ወይ? ዶክተር ግርማይ ዐይናቸውን ሳያሹ የደረሰኙን ጥራዝ ገለጡ፤ ካርቦኑን አስተካከሉ፤ ሦስት መቶ ብር ጻፉ፤ ፈረሙ፤ ማኅተም መቱ፤ ቀደው ሰጧቸው። አሮጊቷ ወረቀቱን አጣጥፈው ከብራቸው ጋር ቋጠሩትና የማያውቁትን ዘመድ እየመረቁ ወጡ። እኔ እርሳሴን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ።

አስመራን የማያውቅ ሰው ይህ እብደት ይመስለዋል። እዚህ ሰው ባር ገብቶ ማኪያቶውን ጠጥቶ ሊከፍል ሲነሳ አሳላፊው «ተኸፊሉ እዩ» ይለዋል። አንድ የሚያውቀው ሰው ከፍሎለት ወጥቷል። ማን ብሎ መጠየቅ የለም፤ የሚያሳፍርም ነገር የለውም፤ ነገ እሱም ለሌላ ሰው ያደርገዋል። በነጻ መታከም ግን ሌላ ነው። አንገት ያስደፋል። ዶክተር ግርማይ የባሩን ደንብ ወደ ጥርስ ወንበር አመጡት፤ ለሚጠራጠራቸው ደግሞ የታተመ፣ ቁጥር ያለው ደረሰኝ ቆርጠው ያሳምኑታል። የዚያ ደረሰኝ ቀሪ መዝገቡ ውስጥ ይቀመጣል። ቀሪ ደግሞ ለግብር ሰው ገቢ ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም።

ያን ቀን ተጣላን።

«ዶክተር፣ በነጻ ብለው ይጻፉ!»

«በነጻ የሚል ወረቀት ይዞ ዓባ ሻውል የሚገባ ሰው አለ?»

«እሺ፣ ደረሰኙን ይተዉትና በቃል ብቻ ይንገሯቸው።»

«አያምኑማ። ካላመኑ ሁለተኛ አይመጡም። አፋቸው በስብሶ ይቀራል።»

«እንግዲያው ቁጥር ካልታተመበት ሌላ ጥራዝ ይቁረጡላቸው።»

እዚህ ላይ የጋዋናቸውን ቁልፍ ዘጉና ቆሙ። «ራጆኔራ! ይሄማ ማጭበርበር ነው!» አሉኝ። ደሜ ፈላ። እሳቸው እኔን ስለ ማጭበርበር!

«ቢያንስ ቀሪው ላይ በእርሳስ ምልክት ያድርጉልኝ። ያልከፈለውን እኔ እለየዋለሁ።»

«መዝገቡን የሚያየው ሰው የአንዷ ታካሚ የአክስት ልጅ ይሆናል። አፉ ባይናገር ዐይኑ ይናገራል። አስመራ ሓንቲ ገዛ እያ፣ ጓለይ፤ አንድ ቤት ናት፣ ልጄ።»

ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። ከዚያ በኋላ በሳምንት አንድ ጊዜ ያንኑ እነግራቸዋለሁ፤ እሳቸው ጆሮ ዳባ ልበስ ብለው ጥርስ ይሞላሉ።

ዓመቱ አለቀና መዝገቡን የሚመረምር ሰው መጣ። ሠላሳ ዓመት ገደማ የሚሆነው የቀድሞ ተጋዳላይ ነው፤ ሺዳ የሚባለውን የበረሃ ላስቲክ ጫማ አሁንም አላወለቀም። ጉቦ ሊበላ መጣ እንዳልል፣ ሻሂ እንኳ አልጠጣም አለ። ያን ጊዜ ተጋዳላዮቹ ያለ ደመወዝ ነበር የሚሠሩት። ዶክተር ግርማይ ገና ሲያዩት «ና ተቀመጥ፣ መንጋጋህ አብጧል» አሉት። «መጀመሪያ ሒሳቡ ይለቅ፤ ከዚያ በፊት እጅዎ አፌ አይገባም» አላቸው። በእንዲህ ያሉ ሁለት ግትሮች መካከል ተቀምጬ እኔ ደረሰኝ እገልጣለሁ።

ሁለት ቀን ደመረ። ገቢው ደረሰኙ የሚለው ሙሉ ሆነ፤ ማስረጃ የሌለው ወጪ ወደቀ። የወጣው ግብር ዓመቱን ሙሉ እጃቸው ከገባው ብር ጋር የሚቀራረብ ነበር። ካልከፈሉ ፈቃዳቸው አይታደስም፤ ፈቃድ ካልታደሰ ክሊኒኩ ይዘጋል። እኔ መታገሥ አቃተኝና «ግማሹ ሰው እኮ አልከፈለም!» ብዬ ጮኽኩ። ዶክተር ግርማይ እንደ ልጅ ገላመጡኝ።

መርማሪው አልተቆጣም። አሰበና «እንግዲያው ያልከፈለ ሰው ይምጣና ይፈርም» አለ። «አንድ እንኳ ይምጣ። አንድ ካለ ሌላም ይኖራል ብዬ አለቆቼን እጠይቅላችኋለሁ። ሳምንት ልስጣችሁ።» እውነት ለመናገር ከዚህ በላይ ምን ሊያደርግ ይችላል?

«ደረሰኙን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ እኔ እከፍላለሁ» አሉ ዶክተር ግርማይ።

«በምን?» አልኳቸው። እጃቸውን መታጠብ ጀመሩ።

አራት ቀን ለመንኳቸው። ልመና ሲያቅተኝ ተቆጣሁ። በአምስተኛው ቀን ሳልነግራቸው ዓባ ሻውል ሄድኩ። ያን ጊዜ ትክክል የሠራሁ መስሎኝ ነበር፤ ይህን አልደብቅም። ክሊኒኩ ቢዘጋ የሚጎዱት እነዚያው ድሆች ናቸው፤ አንዲት ሴት አንድ ፊርማ ብትፈርም ሁሉም ይተርፋል። ሂሳቡ ግልጽ ነው። አደይ ለተብርሃን በጠባቡ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ሲጠልፉ አገኘኋቸው። በረጅሙ ሳቁልኝ። ጥርሱ አምሮባቸው ነበር፤ ፊታቸው ሞልቶ በአሥር ዓመት ወደ ኋላ ሄደዋል።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ዘመድ የሚባል እንደሌለ፣ የከፈለ ሰው እንደሌለ፣ በዚያ ወረቀት ሰበብ የዶክተር ክሊኒክ ሊዘጋ እንደሆነ። ምስጋና ነበር የጠበቅኩት፤ ምናልባትም እንባ። አሮጊቷ ግን መርፌያቸውን ጨርቁ ላይ ሰኩ። ከዚያ ቀስ ብለው የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አደረጉ።

«ክንደይ ሰብ ይፈልጥ?» አሉኝ። ስንት ሰው ያውቃል?

«እኔና እሳቸው ብቻ፣ አደይ።»

«ሕጂ ድማ እቲ ናይ ግብሪ» አሉ። አሁን ደግሞ የግብሩ ሰው መሆኑ ነው። «ጽባሕ ክመጽእ እየ።» ነገ እመጣለሁ። የሰማሁት ይህን የመጨረሻውን ብቻ ነው። ደስ ብሎኝ በጠባቡ መንገድ እየሮጥኩ ወጣሁ።

በማግስቱ ጠዋት መርማሪው ክሊኒኩ ውስጥ መዝገቡን ዘርግቶ ተቀምጧል። አደይ ለተብርሃን ነጠላቸውን እስከ ዐይናቸው ተከናንበው ገቡ። ዶክተር ግርማይ ሲያዩዋቸው እጃቸው ላይ የነበረውን መቆንጠጫ አስቀመጡና ወደ እኔ ዞሩ። ያን አስተያየት ቁጣ ነው ብል ቀለል ይለኝ ነበር። አሮጊቷ ለማንም ሰላምታ ሳይሰጡ ወደ ጠረጴዛው ሄዱ፤ የቋጠሩትን ደረሰኝ ፈትተው አኖሩ፤ ገንዘብ አልከፈልኩም ብለው ጣታቸውን ቀለም አስነክተው ፈረሙ። መርማሪው አመሰገናቸው። እኔ ተገላገልን ብዬ መተንፈስ ጀምሬ ነበር።

ከዚያ አደይ ለተብርሃን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሲመለሱ እጃቸው ላይ መሐረብ ነበር። መሐረቡን ከመሣሪያዎቹ ሳህን አጠገብ አስቀመጡት። ጥርሱ ነው።

«አደይ፣ በጃኽን፣ እባክዎ» አሉ ዶክተር ግርማይ። እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቼባቸው አላውቅም። «ይሄ ለሌላ ሰው አፍ አይሆንም። የእርስዎ ነው። በየወሩ ጥቂት ጥቂት ይክፈሉኝ፤ ከፈለጉ ቀሚስ ይጥለፉልኝ።»

«ኣነ ለማኒት ኣይኮንኩን» አሉ አሮጊቷ። ለማኝ አይደለሁም። ጥርስ በሌለው አፍ ስለተናገሩት ቃሉ ተንሻፎ ወጣ፤ ይህን ራሳቸው ሰሙትና በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው ወጡ። መርማሪው ዐይኑን ከመዝገቡ አላነሳም። ብዕሩን ይዞ ከድምሩ ላይ ሦስት መቶ ብር ሰረዘ።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል። እኔ የጣልኩት የራሴን ብብት እንኳ አልነበረም።

ዶክተር ግርማይ አልጮኹብኝም። ቢጮኹብኝ ምንኛ ደስ ባለኝ! መርማሪው ቃሉን አክብሮ አለቆቹን ጠየቀ፤ ሌሎቹም ይምጡና ይፈርሙ የሚል መልስ መጣ። ዶክተር ግርማይ አንድም ስም አልሰጡም። ትንሿን መኪናቸውን ሸጠው ግብሩን እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ከፈሉ። ፈቃዳቸው ታደሰ፤ ከዚያ በኋላ ከሚኖሩበት ከማይ ተመናይ ገጀረት በአውቶቡስ ይመላለሱ ጀመር። እኔ ሥራውን ልልቀቅ ብላቸው «ማን ይደምርልኛል?» አሉኝ። በሚቀጥለውም ዓመት፣ ከዚያም በሚቀጥለው፣ ያንኑ ደረሰኝ እየቆረጡ ላላገኙት ገንዘብ ግብር ከፈሉ። እኔም እየደመርኩ፣ እየተናደድኩ፣ እየተከራከርኩ አብሬ ኖርኩ። አንድም ቀን የአደይ ለተብርሃንን ነገር አንስተውብኝ አያውቁም።

ጥርሱን ግን ያን ዕለት አጥበው በብርጭቆ ውሃ ውስጥ አድርገው መደርደሪያው ላይ አስቀመጡት። በየጠዋቱ፣ ጋዋን ከመልበሳቸው በፊት፣ ውሃውን ይቀይራሉ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም፤ ራሳቸው አንድ ቀን «ከደረቀ ይጣመማል» አሉ። ሦስት ጊዜ ተሸክሜው ዓባ ሻውል ሄጃለሁ። ሁለት ጊዜ ደጁ ተዘጋብኝ። በሦስተኛው አሮጊቷ ከውስጥ ሆነው «ኪዲ ጓለይ፣ ስራሕኪ ግበሪ» አሉኝ፤ ሂጂ፣ ሥራሽን ሥሪ። አንዳንድ ጊዜ ገበያ ውስጥ አያቸዋለሁ። እጃቸውን ከአፋቸው ሳያነሱ ነው ዋጋ የሚከራከሩት። ባየኋቸው ቁጥር መንገድ እቀይራለሁ፤ አፍራለሁ።

ዶክተር ግርማይ ከተቀበሩ በኋላ ባለቤታቸው አስጠሩኝ። ክሊኒኩ ሊዘጋ ስለሆነ የመጨረሻው ሂሳብ ተሠርቶ የዕቃው ዝርዝር ለግብር ቢሮ መግባት አለበት። ከመርማሪው ጋር ቀጠሮ ይዤ ገጀረት ሄድኩ። ባለቤታቸው ከመደርደሪያው እያወረዱ ዕቃውን ይጠሩልኛል፤ እኔ እጽፋለሁ። ሞተሩን ጻፍኩ፤ መንቀያዎቹን ቆጥሬ ጻፍኩ። ብርጭቆው ላይ ሲደርሱ ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርገው አዩት። ውሃው ገና ንጹሕ ነበር።

«እዚ ደኣ ናይ መን እዩ?» አሉኝ። ይሄ ደግሞ የማን ነው?

«እንድዒ፣ አላውቅም» አልኳቸው።

«የእሱን ሂሳብ ሁሉ የምታውቂው አንቺ አይደለሽ?»

«ይሄን አላውቅም።»

«ታዲያ ይጣላ።»

«አይጣል» አልኩና ብርጭቆውን ተቀብዬ ከቦርሳዬ አጠገብ አስቀመጥኩት። ዝርዝሩ ላይ አላገባሁትም። ሂሳብ መሥራት ከጀመርኩ ወዲህ በዐይኔ አይቼ ሳልመዘግብ ያለፍኩት ዕቃ እሱ ብቻ ነው።